ዶቃው ከዘንጉ አልወጣ ሲል

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ይህ የእጅ ሙያ ትምህርታዊ ዝግጅታችን ነው። ዛሬ የምንነጋገረው በጋዝ ነበልባል ላይ ስለሚሠራ የብርጭቆ ዶቃ ነው። በተለይም ዶቃው በተጠቀለለበት የብረት ዘንግ ላይ ተጣብቆ አልወጣ ሲል ምን እንደሚደረግ እናያለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ፤ የሚመዘገቡ ቁጥሮች አሉ።

ለሙያው አዲስ የሆናችሁ አድማጮች ስላላችሁ ከሥራው ሂደት እንጀምር። ሠራተኛው በአንድ እጁ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ በሌላው ደግሞ የብርጭቆ ቁራጭ ይይዛል። ብርጭቆውን ነበልባል ላይ አለስልሶ፣ ዘንጉን እያሽከረከረ ይጠቀልልበታል። ቅርጹን ያስተካክላል፤ ከዚያም ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉ ሲመዘዝ የዘንጉ ቦታ የዶቃው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ክር የሚያልፈው በዚያ ነው። ዘንጉ ካልወጣ ቀዳዳ የለም፤ ቀዳዳ የሌለው ዶቃ ደግሞ ለክር አይሆንም።

ዶቃ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገቡ ከነበሩ ሸቀጦች መካከል በግብፅ ዲዮስፖሊስ የተሠሩ የብርጭቆ ዕቃዎችን ይዘረዝራል። በአክሱም የተካሄዱ ቁፋሮዎችም የብርጭቆ ዶቃዎችን ከመሬት አውጥተዋል። ዛሬም ከቦረና እስከ ሐመር ዶቃ የአንገትና የወገብ ጌጥ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላም በገበያችን ላይ የምናየው የብርጭቆ ዶቃ በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው። መሰካቱን እናውቅበታለን፤ መሥራቱ ላይ ግን ገና ጀማሪዎች ነን።

አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለምትኖሩ ወጣቶች የሙያው ዕቃ ከደጃችሁ የራቀ አይደለም። ጥሬ ዕቃው ‹‹ቆራሌው!›› እያለ በየሰፈሩ በሚዞረው ሰው ጆንያ ውስጥ አለ። ባዶ ጠርሙሱ ከዚያ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይዘልቃል። ዘንጉን የማይዝግ ብረት በአርጎን ከሚበይዱ ቤቶች መጠየቅ ይቻላል፤ እነርሱ ለብየዳ የሚጠቀሙበት የማይዝግ ብረት ሽቦ ለዶቃ ዘንግነት ተስማሚ ነው። ለመጨበጫ የሚሆነውን የከመነዳሪ ቁራጭ ደግሞ ከማንኛውም ጎማ ጠጋኝ ማግኘት አይቸግርም። እዚያው ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የሙያ ማሠልጠኛ ተግባረ ዕድ አለ። ሞርሳና ሞረድ መያዝን ከዚያ የተማረ ሰው በጎረቤታችሁ አይጠፋም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። ዶቃ ዘንግ ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በማውጫው ሰዓት በተፈጠረ ችግር አይደለም። ችግሩ የተፈጠረው ነበልባሉ ከመለኮሱ በፊት፣ ዘንጉ ሲዘጋጅ ነው። አበው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይላሉ። ለዚህ ሙያ ልክ ነው።

በዓለም ላይ የብርጭቆ ዶቃ የሚሠሩ ብዙ ሕዝቦች ይህ ችግር ገጥሟቸዋል፤ የፈቱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። በቱርክ፣ ኢዝሚር አጠገብ ባለችው ጎሬጄ መንደር፣ የሰማያዊ ዓይን ዶቃ የሚሠሩ ሰዎች ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የብረት ዘንግ ይጠቀማሉ። ዶቃው ገና ሳይቀዘቅዝ ዘንጉን መታ ሲያደርጉት በቀጭኑ ጫፍ በኩል ይወድቃል። የቬኒስ ሠራተኞች ደግሞ ብርጭቆውን በመዳብ ላይ ጠቅልለው፣ በኋላ መዳቡን በአሲድ አሟሙተው ያስወግዱታል። በጋና የክሮቦ ሰዎች የተፈጨ ብርጭቆ ከሸክላ በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጨምረው፣ መሐሉ ላይ የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ያቆማሉ። እቶን ውስጥ ሲገባ የቅጠሉ ዘንግ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ቀዳዳው ይቀራል።

አንዱ ዘንጉን አቀጠነ፣ አንዱ አሟሟ፣ አንዱ አቃጠለ። ሁሉም ግን መውጫውን ያሰቡት ብርጭቆው ዘንጉን ከመንካቱ በፊት ነው።

ዛሬ በትንሽ የሥራ ቤት ውስጥ በብዛት የሚሠራበት መንገድ አራተኛው ነው፤ ዘንጉን መቀባት። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሽታ እንጀራው እንዳይያዝ እንደምታደርግ ሁሉ፣ ዶቃ ሠሪም ዘንጉን በነጭ አፈር ቅብ ይሸፍናል። ይህ አፈር ካኦሊን ይባላል። አገራችን ካኦሊን አላት፤ በጉጂ በኩል ቦምቦሃ ከሚባለው ቦታ እየወጣ ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ግብዓት ሆኗል። የተለመደው አሠራር እኩል መጠን ያለው የካኦሊንና የአልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት በውኃ መበጥበጥ ነው። ዘንጉን ነክራችሁ ስታወጡት ቅቡ ብረቱን ፈጽሞ መሸፈን አለበት፤ መንጠባጠብ ግን የለበትም።

ቅቡ የሚፈለግበት ምክንያት ምንድን ነው? ብርጭቆ የጋለ ብረት ሲያገኝ ይይዛል። በተለይ ብረቱ ላይ የዝገት ሽፋን ካለ፣ የቀለጠው ብርጭቆ ከዝገቱ ጋር ይዋሃዳል። በየቤታችሁ ያለውን ነጭ ልባጥ ያለው የብረት ሳህን ወይም ኩባያ አስተውሉ። ያ ልባጥ በብረት ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ነው፤ ለዓመታት ቢታጠብ አይለቅም። ቅቡ በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ በዘንጋችሁ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ቁጥሮቹን ጻፉ። የማይዝግ ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ከ1 ሚሊዮን 17 እጅ ያህል ይኮማተራል። የጠርሙስ ብርጭቆ ግን 9 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከ500 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርዱ ብረቱ ከብርጭቆው የበለጠ ይሰበሰባል። 2.4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ልዩነቱ 0.009 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥቂት ቢመስልም ብረቱ ከብርጭቆው ግድግዳ ይሸሻል ማለት ነው፤ ቅቡ ደህና ከሆነ ዶቃው ይላላል።

ተራ ብረት ብንጠቀምስ? ተራ ብረት የሚኮማተረው 12 እጅ ያህል ስለሆነ ክፍተቱ ወደ 0.0035 ሚሊሜትር ይወርዳል። በዚያ ላይ ይዝጋል። የማይዝገውን የምንመርጥበት ምክንያት ሁለት ነው ማለት ነው፦ የበለጠ ይሸሻል፣ ዝገቱም አይበዛም።

ብዙ ሰዎች የተጣበቀ ዶቃን ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት ይላሉ። በዚሁ ስሌት እንየው። ከ20 ዲግሪ ወደ 18 ከዜሮ በታች ሲወርድ ተጨማሪው ክፍተት 0.0007 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ዶቃው ከ500 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ካገኘነው ክፍተት አንድ አሥራ ሦስተኛ ያህል። ስለዚህ ፍሪዘር ለደረቀ ቅብ ትንሽ እገዛ ያደርጋል፤ ከብረቱ ጋር ለተዋሃደ ብርጭቆ ግን ምንም አይፈይድም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ማውጣቱ እንምጣ። ዶቃው አልወጣ ሲል የመጀመሪያው ሥራ መጎተት አይደለም፤ መመርመር ነው። ሦስት ዓይነት ችግር አለ።

አንደኛው፣ ዶቃው በዘንጉ ዙሪያ ይዞራል፣ ግን አይንሸራተትም። ይህ መጣበቅ አይደለም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ዘንጉ ጎብጦ፣ ጫፉ በመቁረጫ ተደፍጥጦ፣ ወይም ከዶቃው ውጭ ያለው ቅብ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ከዶቃው ግራና ቀኝ ያለውን ቅብ በውኃ አርሳችሁ ፋቁት። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉ፤ የጎበጠውን አቅኑ። ከዚያ ንጹሕ በሆነው በኩል አውጡት።

ሁለተኛው፣ ዶቃው አይዞርም፤ በቀዳዳው አፍ ላይ ግን ነጩ ወይም ግራጫው ቅብ ሙሉ ክብ ሆኖ ይታያል። በብርጭቆውና በብረቱ መካከል አፈር አለ ማለት ነው። ይህ ይወጣል። ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል።

ሦስተኛው፣ በቀዳዳው አፍ ላይ ቅቡ ተቋርጦ ብርጭቆው ብረቱን ነክቶ ይታያል፤ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ብርጭቆ ውስጥ የብረቱ ገላ በከፊል ያብለጨልጫል። እዚህ ብርጭቆው ከብረቱ ጋር ተዋህዷል። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛውን ዓይነት እንዴት እናውጣው? ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው።

አንድ፦ ዶቃው ፈጽሞ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። ሙቀቱ ያልወጣለት ዶቃ ውኃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለት፦ ከነዘንጉ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ለትንሹ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ግትር የሆነውን ሌሊቱን ሙሉ አሳድሩት። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ውኃው ወደ ቅቡ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል።

ሦስት፦ ዘንጉን በሞርሳ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዶቃው ብዙ ሳይርቅ ይታሰር፤ ረጅም ሆኖ ከታሰረ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ መንገዱን ይዘጋል። ሞርሳ ከሌላችሁ ዘንጉን በፒንሳ ያዙ።

አራት፦ ዶቃውን በርጥብ የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልላችሁ ጨብጡ። ጎማው አይንሸራተትም፤ ዶቃው ቢሰበርም ስባሪው መዳፋችሁን እንዳይቆርጠው ያግዛል።

አምስት፦ አዙሩ እንጂ አትጎትቱ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ቅቡ የሚፈርሰው በመፈተግ ነው፤ መጎተት ግን ኃይሉን ሁሉ በቀዳዳው አፍ ላይ ያሳርፍና ይሸርፈዋል። ‹‹ቀጭ›› የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ዶቃው ከተነቃነቀ ቅቡ ለቋል። ከዚያ እያዞራችሁ ወደ ውጭ ግፉት።

ስድስት፦ አሁንም እምቢ ካለ እንደገና ንከሩት። ካልሆነ አድርቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና ወዲያው እንደወጣ አዙሩት። አድርቃችሁ ያልነው ቀዳዳው ውስጥ የቀረ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ነው። ከፍሪዘር የወጣ ዶቃ ላይ ፍል ውኃ አታፍስሱ።

ሰባት፦ የመጨረሻው አማራጭ መምታት ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ከሆነ የሞርሳውን አፍ ዘንጉ ብቻ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ በላዩ ጎማ አንጥፉ። ዶቃው ጎማው ላይ ተቀምጦ ዘንጉ ወደ ታች ይንጠልጠል። ከላይ የቀረውን የዘንግ ጫፍ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ለዚህ ሥራ መነጽር ግዴታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የማይደረጉትንም እንናገር።

ዘንጉን ትራፓኖ ላይ አስራችሁ ዶቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ አታሽከርክሩ። ትራፓኖው ይይዘውና ዶቃው መዳፋችሁ ውስጥ ይፈነዳል።

የቀዘቀዘን ዶቃ እንዲላላ ብላችሁ መልሳችሁ ነበልባል ውስጥ አትክተቱ። ከውጭ ሞቆ ከውስጥ ቀዝቃዛ የሆነ ብርጭቆ ይበተናል። ደግሞም ሲሞቅ ይበልጥ የሚሰፋው ብረቱ ስለሆነ ከማላላት ይልቅ ያጠብቃል።

የቬኒስን ምሳሌ ሰምታችሁ አሲድ አትግዙ። መዳብን የሚያሟሟው ናይትሪክ አሲድ የማይዝግ ብረትን አይበላም፤ በዚያ ላይ መዳብ ሲነካ ሳንባ የሚጎዳ ቡናማ ጋዝ ያወጣል። ለመኖሪያ ግቢ የሚሆን ሥራ አይደለም።

የተዋሃደውን፣ ሦስተኛውን ዓይነት፣ ምን እናድርገው? ጊዜ አታባክኑበት። ዶቃው ካማረ ዘንጉን በልኩ ቆርጣችሁ፣ ጫፉን በሞረድ አለስልሳችሁ የጸጉር ወይም የነጠላ መርፌ አድርጉት። ካላማረ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ መነጽር አድርጋችሁ ስበሩትና ዘንጉን መልሱ። የቀረበትን ብርጭቆ በውኃ እያራሳችሁ በሞረድ አንሡት። ዘንጉ ብዙ ያገለግላል።

ዶቃው በደህና ከወጣ ቀዳዳው ውስጥ የቅብ ዱቄት ይቀራል። ይህን ደረቁን አትፋቁት፤ አትንፉትም። የካኦሊን ብናኝ ብዙ ጊዜ ከሲሊካ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ሲሊካ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ቀዳዳውን ውኃ ውስጥ እንዳለ በቀጭን ክብ ሞረድ ወይም በብሩሽ አጽዱ። ጠረጴዛውንም በርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በመጥረጊያ አታቡንኑ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን መጀመሪያ ወደተናገርነው ወደ ዝግጅቱ እንመለስ። በሚቀጥለው ዶቃችሁ ላይ ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀሩ ሥራዎች ናቸው።

አዲስ ዘንግ ዘይት አለው፤ ዘይት ባለበት ቅብ አይይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ በሳሙና እጠቡት። የፈተጋችሁት ገላ ትንሽ ሻካራ መሆኑ ለቅቡ መያዣ ይሰጠዋል። ጫፉን በሞረድ አድቡልቡሉት።

ቅቡን በደንብ አማስላችሁ ዘንጉን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩና ቀጥ አድርጋችሁ አውጡ። ቅቡ ዶቃው ከሚይዘው ቦታ በግራም በቀኝም ይተርፍ፤ ብርጭቆው የቅቡን ጠርዝ አልፎ ብረቱን ከነካ ያው ተጣበቀ።

አሸዋ በሞላ ቆርቆሮ ላይ አቁማችሁ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥብ ቅብ ነበልባል ላይ ስትይዙ ውስጡ ያለው ውኃ ፈጥኖ ተንኖ ቅቡን ያፈነዳዋል። በክረምት ወራት የማድረቂያውን ጊዜ ማራዘም ይበጃል።

የደረቀውን ዘንግ ነበልባል ላይ አሽከርክሩት፤ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ ብርጭቆውን ጀምሩ። ቀዝቃዛ ቅብ ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ቅቡን ነቅሎ ያወጣዋል።

እየሠራችሁ ዶቃውን በኃይል አትጫኑ፤ አትጠምዝዙትም። ዶቃው በዘንጉ ላይ ለብቻው መዞር ከጀመረ ቅቡ ተሰብሯል። በዚያ ላይ ጌጥ መጨመሩን ትታችሁ ቅርጹን አጠናቁና ቀስ ብሎ ወደሚቀዘቅዝበት ቦታ ውሰዱት።

የተለያየ ጠርሙስ በአንድ ዶቃ ላይ አትቀላቅሉ። የአንዱ ብርጭቆ የመኮማተር መጠን ከሌላው ሊለያይ ይችላል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰነጠቃል። አንዱ ዶቃ ከአንድ ጠርሙስ ብቻ ይሠራ።

በመጨረሻም ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። የኤሌክትሪክ እቶን ካላችሁ የጠርሙስ ብርጭቆን 550 ዲግሪ አካባቢ አቆይታችሁ በዝግታ አውርዱት። መብራት ሲጠፋ ትንንሾቹን ዶቃዎች ቶሎ ሙቅ አመድ ውስጥ ቅበሩና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዙ አትንኳቸው። ውስጡ ውጥረት የቀረበት ዶቃ፣ ስታወጡት እጃችሁ ላይ የሚሰበር ዶቃ ነው።

አድማጮቻችን፣ ትምህርታችንን በሦስት ቃል እናጠቃልል፦ መርምሩ፣ ንከሩ፣ አዙሩ። ቅቡ ያለበት ዶቃ ይወጣል፤ ቅቡ የተሰነጠቀበት አይወጣም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የዘንጉ ዝግጅት ነው። ሥራውን ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች የጋዝ ሲሊንደሩን ነፋስ በሚገባበት ቦታ አቁሙ፣ መነጽር ሳታደርጉ እሳት አትለኩሱ፣ ብቻችሁንም አትሥሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጠርሙስ አቆራረጥና አመራረጥ ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቢያንስ አሥር ዘንጎች ቀብታችሁ አድርቃችሁ ጠብቁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)